ቀኑን ሙሉ እየተየብኩ ስለ መተየብ መናገር አቃተኝ፦ የልምምድ ማስታወሻ ከሐዋሳ

ሰኞ ማታ

ዛሬ ጀመርኩ። አይልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናዬ ሊደርስ አንድ ወር አይሞላም። ለማመለክትበት የማስተርስ ትምህርት 6.5 ውጤት ያስፈልገኛል። ማንበቡና ማዳመጡ አያሰጋኝም። መጻፉም ቀስ እያለ እየመጣ ነው። እንቅልፍ የነሳኝ መናገሩ ነው።

የመናገር ፈተናው በጠቅላላ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው። ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ክፍል 4 ወይም 5 ደቂቃ ይወስዳል፤ ስለ ቤት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ዕለት ተዕለት ልማድ ይጠየቃል። ቀላሉ ክፍል የሚባለው እሱ ነው። ከመለማመጃ ጥያቄዎቹ መሀል ስለ መተየብ የሚል ርዕስ አገኘሁ። በየቀኑ ትተይቢያለሽ? መቼ ተማርሽ? በእጅ መጻፍ ይሻልሻል ወይስ መተየብ? ችሎታሽን በምን ታሻሽያለሽ?

ርዕሱን ሳየው ደስ አለኝ። እኔ የምሠራው ፒያሳ አካባቢ ባለ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። አራት ዓመት ሆነኝ። ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ የኪራይ ውል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የማልተይበው ነገር የለም። ስለዚህ የስልኬን ድምፅ መቅጃ ከፍቼ ራሴን ጠየቅኩ። «ዱ ዩ ታይፕ ኤቭሪ ዴይ?»

መልሴ ቃል በቃል ይኸው። «የስ። አይ አም ታይፒንግ ኤቭሪ ዴይ። ቢኮዝ... እእ... ታይፒንግ ኢዝ ቬሪ ኢምፖርታንት ኢን አወር ዴይሊ ላይፍ።» ከዚያ ዝም።

መልሼ ሳዳምጠው ከፋኝ። ኪቦርድ ነክቶ የማያውቅ ሰውም ይህንኑ ሊል ይችላል። የአራት ዓመት ሥራዬ ውስጡ የለም።

አንድ ነገር ወሰንኩ። ሁሉንም ርዕስ በአንድ ጊዜ አላነሳም። እነዚህን አራት ጥያቄዎች ብቻ ይዤ እቀመጣለሁ። እቀዳለሁ፣ ያልኩትን በደብተር እገለብጣለሁ፣ አንድ ነገር አርሜ እንደገና እቀዳለሁ። የሚሆነውን እዚህ እጽፋለሁ።

ማክሰኞ

አንድ ጓደኛዬ ከቴሌግራም ያገኘችውን የተዘጋጀ መልስ ላከችልኝ። እንግሊዝኛው ያምራል። ማታ እንደ ዳዊት ደገምኩት። ስቀዳው አንድም ጊዜ አልተደናቀፍኩም።

ታናሽ እህቴ ፈታኝ ሁና እንድትጠይቀኝ ለመንኳት። አሥረኛ ክፍል ናት። እሷ ግን በወረቀቱ ተራ አልጠየቀችኝም፤ ከሦስተኛው ጥያቄ ጀመረች። የሸመደድኩት ሁሉ ጠፋ። የመጀመሪያውን መልስ ለሦስተኛው ጥያቄ ልሰጥ ስል አፌ ተያያዘ። ደግሞ እንዲህ አለችኝ፦ «ሲወጣልሽም እኮ ያንቺ አይመስልም። ዜና የምታነቢ ነው የሚመስለው።»

ፈታኞቹም ይህን የሚሰማ ጆሮ አላቸው፤ የተሸመደደ መልስ ለይተው እንዲያውቁ ሠልጥነዋል። ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ሐሙስ

ዛሬ ከሥራ በኋላ ሙዝ ገዝቼ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ጋሼ ጎረቤታችን ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። ስልኬን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው የሰኞውን ቅጂ ሦስት ጊዜ ሰሙት። ከዚያ በእርሳስ ትንሽ ትንሽ ነገር ጻፉ።

መጀመሪያ ያነሱት ያላሰብኩትን ነው። «መልስሽ ከመጀመሩ በፊት አየር ወደ ውስጥ ስበሻል» አሉኝ። ደግሜ ሰማሁት፤ እውነታቸውን ነው። እኛ «አዎ» ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ እንስባለን፤ እርስ በርስ እንግባባበታለን። ጋሼ የሰጉት ግን ሌላ ነው። «ከውጭ የመጣ ሰው ምን እንደነካሽ ላያውቅ ይችላል። የደነገጥሽ ሊመስለው ይችላል። ድምፅሽን አውጥተሽ የስ በይ።»

ከዚያ ወረቀቱን አስቀመጡና በአማርኛ ጠየቁኝ። «እስቲ ንገሪኝ የኔ ልጅ፣ ዛሬ ምን ተየብሽ?»

ነገርኳቸው። ጠዋት አንድ አዛውንት በእጅ የተጻፈ ሦስት ገጽ ማመልከቻ ይዘው መጡ። ጽሑፉ አይነበብም። ቢጨንቀኝ «አባባ፣ እርስዎ ያንብቡልኝ፣ እኔ ልተይብ» አልኳቸው። ወንበር ስቤላቸው አጠገቤ ተቀመጡ። አንድ መስመር ያነባሉ፣ እኔ እተይባለሁ፣ ቀና ብለው እስክሪኑን ያያሉ። የአካባቢያቸውን ስም አሳስቼ ስጽፍ ጣታቸውን እስክሪኑ ላይ አሳርፈው «ይሄ የኛ አገር አይደለም» አሉኝ። ሲያልቅ ወረቀቱን ገና ሳይቀዘቅዝ ከማተሚያው ተቀብለው በሁለት እጃቸው ያዙት።

ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝና «በይ ይሄንኑ በእንግሊዝኛ» አሉኝ።

አልችልም ብዬ ነበር። ቻልኩ። «ዚስ ሞርኒንግ አይ ታይፕድ ኤ ሌተር ፎር አን ኦልድ ማን። አይ ኩድንት ሪድ ሂዝ ሃንድራይቲንግ፣ ሶ ሂ ሳት ኔክስት ቱ ሚ ኤንድ ሬድ ኢት አውት።» አንድም ከባድ ቃል የለበትም። አሥረኛ ክፍል ያለችው እህቴ ሁሉንም ታውቃቸዋለች። ግን የኔ ነው። ስለ ዘመናችን አስፈላጊ ነገር መፈለግ ሳያስፈልገኝ ወጣልኝ።

ጋሼ ውጤቱ የሚሰጠው በአራት ነገር እንደሆነ አስረዱኝ። ሳይቆራረጡ ሐሳብን አያይዞ ማውራት፣ የቃላት ሀብት፣ ሰዋስው፣ የድምፅ አወጣጥ። አራቱም እኩል ይመዘናሉ። «አስተያየትሽ ትክክል ነው አይደለም ብሎ ነጥብ የሚሰጥሽ የለም» አሉኝ። ይህን ልብ ብዬ ያዝኩት።

ቅዳሜ

ዛሬ ሰዋስው ነበር። እስካሁን የቀዳሁትን ሁሉ በደብተር ገልብጬ ስህተቱን በቀይ አሰመርኩበት። አብዛኛው ስህተት ከአንድ ቦታ ነው የሚመጣው። በአማርኛ አስቤ ቃሉን ብቻ እለውጣለሁ።

ዋናው ይኼ ነው። «ከአራት ዓመት በፊት ተማርኩ» ለማለት «አይ ለርንድ ቢፎር ፎር ይርስ» እላለሁ። ለአማርኛ ጆሮ ምንም አይጎድለውም። እንግሊዝኛ ግን ከዛሬ ወደ ኋላ ሲቆጥር «ፎር ይርስ አጎ» ይላል፤ ቃሏ ከቁጥሩ በኋላ ትመጣለች። ገና የሚቀጥል ነገር ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። «መተየብ ከጀመርኩ አራት ዓመቴ ነው» ስል «አይ ሃቭ ቢን ታይፒንግ ፎር ፎር ይርስ» ማለት አለብኝ። ሁለቱ «ፎር» ተከታትለው ሲመጡ አንዷን እየዋጥኩ ተቸገርኩ። ቁጥሩን ጠበቅ አድርጌ ስለው ተስተካከለ።

ሌላው «በ» ናት። በኮምፒውተር፣ በስልክ፣ በኪቦርድ እንላለን፤ እኔም ሁሉንም «ባይ» አደርገዋለሁ። የሚባለው «ኦን ኤ ኪቦርድ»፣ «ኦን ማይ ፎን» ነው። በእጅ ሲሆን ብቻ «ባይ ሃንድ» ይባላል።

የሰኞው «አይ አም ታይፒንግ ኤቭሪ ዴይ» ደግሞ የልማድ ነገር ስለሆነ «አይ ታይፕ» ብቻ ይበቃዋል። የኛ «እተይባለሁ» ለየቀኑም ለነገም ያገለግላል፤ እንግሊዝኛው ግን ይለያቸዋል።

ከአማርኛ አስቤ ማውራቴን ጋሼ እንደ ጥፋት አላዩትም። ወሬውን ከአማርኛ አምጪ፣ አረፍተ ነገሩን ግን እዚያው ሥሪው ነው ያሉኝ። ይህን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል።

እሑድ

መብራት የለም፣ ስልኬም ዘጋ። ማታ ፍቅር ሐይቅ ወርጄ በዳርቻው እየሄድኩ መልሶቼን በለሆሳስ አወራኋቸው። አልተቀዱም።

ሰኞ፣ ሁለተኛ ሳምንት

የድምፅ ቀን። ጋሼ አንድ ገጽ ሙሉ የኔን ቃላት ጽፈው ጠበቁኝ። እስክሪን፣ እስፒድ፣ እስሎው፣ እስፔሊንግ፣ እስቱደንት። ሁሉንም በ«እ» እጀምራቸዋለሁ። አማርኛችን ሁለት ተነባቢ ሲደራረብ መጀመሪያ ላይ «እ» ያስገባል፤ ብዙዎቻችን የምንለው እንደዚህ ነው። እንግሊዝኛው ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ድምፅ ይሆናል።

መላው እንዲህ ነው። ከንፈሬን ከፍቼ «ስስስስ» እያልኩ እቆያለሁ፤ ድምፅ የለም፣ አየር ብቻ። ከዚያ ሳላቋርጥ «ክሪን»። መዳፌን አፌ ፊት አድርጌ አየሩ መጀመሪያ ሲወጣ እንዲሰማኝ አደረጉኝ። «እ» ካልኩ ጉሮሮዬ ይንቀጠቀጣል፤ ጣቴን ጉሮሮዬ ላይ ሳደርግ ይታወቀኛል። ሃያ ጊዜ ያህል አደረግነው። ለብቻው ይወጣልኛል። በፍጥነት ሳወራ «እ» ተመልሳ ትመጣለች።

ሌላው ማጥበቅ ነው። ይህን ከዚህ በፊት ማንም አልነገረኝም። እኛ ስናነብ ሁለት ፊደል ተደራርቦ ካየን እናጠብቀዋለን፤ «ሌትተር»፣ «ግራምማር»፣ «ሃፕፒ» እንላለን። በአማርኛ መጥበቅ ትርጉም ይለውጣል። ገና ስንል ላልቶ ጊዜ ነው፣ ጠብቆ በዓል ነው። «አለ» ላልቶ ተናገረ ነው፣ ጠብቆ ይገኛል ነው። ጆሯችን ያንን ለምዷል። እንግሊዝኛ ውስጥ ግን እንደዚህ ያሉ ቃላት ውስጥ የተደራረበው ፊደል አጻጻፍ ብቻ ነው፤ ድምፁ አንድ ነው። «ሌተር» ቀለል ተደርጎ ይባላል።

«ኮምፎርተብል» የምለውን ደግሞ «ካምፍተብል» አሉኝ፤ መጀመሪያው ላይ ጫን ተብሎ ቀሪው ይዋጣል። «ታይፕድ» ያልኩትም መጨረሻው «ት» ነው፤ «ታይፕት»። ከፊቱ ያለችው «ፕ» ነፋስ ስለሆነች «ድ»ን ወደ «ት» ትጎትታታለች። ይህን ካወቅኩ በኋላ «ፕሪንትድ» ላይም ላደርገው ሞከርኩ። እዚያ አይሠራም። በ«ት» እና በ«ድ» የሚያልቅ ግስ አንድ ክፍለ ቃል ይጨምራል፤ «ፕሪንቲድ» ይሆናል።

ረቡዕ

ዛሬ የተማርኩበትን ጊዜ የሚጠይቀው ነበር። ጋሼ ጠየቁኝ፣ እኔም ዝርዝሩ ውስጥ ገባሁ። የኛ ኪቦርድ ላይ የተጻፈው የላቲን ፊደል እንደሆነ፣ «ሰ»ን ለመጻፍ ሁለት ቁልፍ እንደምነካ፣ «ስ» ግን በአንዱ እንደምትወጣ፣ ስለዚህ አማርኛ ስተይብ ጣቴ ፊደሉን ሳይሆን ድምፁን እንደሚከተል ነገርኳቸው። ፊደላችን በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ኮድ ውስጥ ገባ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ ፎንት ነበረው። አሁንም አንዳንድ ሰው በፍላሽ የቆየ ፋይል ያመጣል፤ ስከፍተው ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣል፣ ሰውየው ፊቱ ይለዋወጣል፣ እንደገና መተየብ ነው። ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ተናገርኩት! መንገዳገድ ነበረው፤ ግን ተናገርኩት።

ጋሼም ወጉ ተነሳባቸው። የፈተና ወረቀት በጽሕፈት መኪና ስቴንስል በሚባለው የማባዣ ሰም ወረቀት ላይ እየመቱ ያባዙ እንደነበር አጫወቱኝ። አንድ ፊደል ከተሳሳቱ የማረሚያ ቀለም ቀብቶ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። «አንቺ አንድ ቁልፍ ነክተሽ ታጠፊዋለሽ። እኛ እፍ እፍ እያልን ነው» አሉኝ። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲነሳ ስማቸው የሚጠራውን ኢንጂነር አያና ብሩንም አነሱልኝ። ይህን ሁሉ ፊደል ጥቂት ቁልፎች ላይ ማሳደር ቀላል ሐሳብ እንዳልነበር እጄ ያውቀዋል።

ከዚያ ሰዓታቸውን አሳዩኝ። መልሴ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ፈጅቷል። ይህ ለመጀመሪያው ክፍል በጣም ረጅም ነው። እዚያ ጥያቄው ብዙ፣ ጊዜው አጭር ነው፤ ፈታኙ አቋርጦ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሲያቋርጠኝ ደግሞ እደነግጣለሁ፣ ራሴን አውቃለሁ። ሁለት፣ ሦስት፣ ቢበዛ አራት አረፍተ ነገር ይበቃል ተባባልን። የፊደሉን ታሪክ ለሦስተኛው ክፍል አስቀመጥኩት፤ እዚያ ሰፋ ያለ ጉዳይ ይጠየቃል።

እንዲህ አሳጠርኩት። «አይ ለርንድ ፎር ይርስ አጎ፣ ዌን አይ ስታርትድ ማይ ጆብ። ኢት ዋዝ ሃርድ አት ፈርስት፣ ቢኮዝ ኢን አምሃሪክ ሞስት ሌተርስ ኒድ ቱ ኪስ። ናው ማይ ፊንገርስ ዱ ኢት ዊዛውት ሚ።» የመጨረሻዋን ጋሼ ወደዷት። እኔም ወደድኳት፤ ከየትም አልቀዳኋትም።

ስቀዳው ግን «ስታርትድ» ብዬ ነበር። በ«ት» ነው የሚያልቀው፤ «ስታርቲድ»። የሰኞው ትምህርት እዚህ ጠቀመኝ።

ዓርብ

በእጅ መጻፍ ወይስ መተየብ? እስከ ዛሬ «መተየብ፣ ስለሚፈጥን» እል ነበር። የሚጠበቅብኝ እሱ ስለመሰለኝ። አስተያየት ነጥብ የለውም ከተባለ ለምን እውነቱን አልናገርም አልኩ።

እውነቱ እኔ በእጅ መጻፍ ነው የምወደው። ሥራ ቦታ የምተይበው የሰው ነው፤ የሰው ክስ፣ የሰው ውል፣ የሰው ምስጋና። ቤት ስገባ የራሴን ነገር በእስክሪብቶ ነው የምጽፈው። ይህ ማስታወሻ ራሱ መጀመሪያ ደብተር ላይ ነው ያለው። «አት ወርክ አይ ታይፕ አዘር ፒፕልስ ወርድስ። ማይ ኦውን ወርድስ፣ አይ ራይት ባይ ሃንድ።» ስቀዳው ድምፄ ተለውጧል። እህቴ ከጎኔ ሆና ሰምታ «ይሄ አንቺ ነሽ» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ሦስተኛ ሳምንት

መሀል ላይ ያሉትን ቀናት አልጻፍኩም። የተመራቂ ተማሪዎች ወቅት ነው፤ ሱቁ እስከ ምሽት ሞልቶ ነው የሚውለው። የቀዳሁት በባጃጅ ስመለስ ብቻ ነው። የሞተሩ ድምፅ ቅጂውን አበላሽቶታል። ያም ሆኖ ሰዎች ባሉበት እንግሊዝኛ ማውራት እንዳላፍር አድርጎኛል።

ቅዳሜ

ዛሬ ሙሉ ፈተና ከጋሼ ጋር። ጠረጴዛው ላይ ስልኬ እየቀዳ ነው። ጋሼ ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ዓይኔን አያዩም፣ መልሴ ጥሩ ይሁን መጥፎ ፊታቸው አይናገርም። ልቤ በኃይል ይመታል።

የመጀመሪያውን ጥያቄ አንዴ አልሰማሁትም። ዝም ከማለት «ኩድ ዩ ሪፒት ዛት፣ ፕሊዝ?» አልኩ። ደገሙልኝ። ይህን ማለት ይፈቀዳል፤ በፊት ግን እፈራው ነበር። «እስፒድ» አንድ ጊዜ አመለጠችኝ፤ ተመልሼ አላረምኳትም፣ አለፍኳት። አየር መሳብም አንድ ጊዜ መጣብኝ። «ቢፎር ፎር ይርስ» ግን አልመጣም። ሦስቱን ጥያቄ ከተለማመድኩት በተለየ ቃል ነው የመለስኩት፤ ወሬው ያው ነው፣ አረፍተ ነገሩ እዚያው ተሠራ።

አራተኛው፦ «ሃው ካን ዩ ኢምፕሩቭ ዩር ታይፒንግ?»

ይህን ጥያቄ ብዙ አልተዘጋጀሁበትም ነበር። ትዝ ያለኝን ተናገርኩ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ኪቦርዱን ካላየሁ አልጽፍም ነበር። የቤቱ ባለቤት እጄ ላይ ነጠላ ጣለችብኝ። ኤፍና ጄ ላይ ያሉትን ጉብታዎች በጣቴ ፈልጌ እንድጀምር አስተማረችኝ። «ሺ ኮቨርድ ማይ ሃንድስ ዊዝ ኤ ነጠላ፣ ሶ አይ ኩድንት ሉክ። አይ ሃድ ቱ ፋይንድ ዘ ኪስ ባይ ፊሊንግ ዘም። አይ ሜድ ሎትስ ኦፍ ሚስቴክስ ፎር ኤ ዊክ፣ ኤንድ ዘን አይ ስቶፕት ሉኪንግ።»

ጋሼ የሚቀጥለውን ጥያቄ ሊያነቡ ወረቀቱን አነሱ። ከዚያ መልሰው አስቀመጡትና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሁዝ ነጠላ ዋዝ ኢት?»

ወረቀቱ ላይ የለም። እኔም በአማርኛ አላሰብኩትም።

«ኸር ኦውን» አልኩ። «ኋይት፣ ዊዝ ኤ ግሪን ቦርደር። ሺ ቱክ ኢት ኦፍ ኸር ሾልደርስ።»